ብሩ የት ይቀመጥ? ከአንድ የሆጤ ሣጥን የወጣ የመቶ ዓመት የቁጠባ ታሪክ

እስቲ አንድ ቤት እናስብ። ቤቱ ደሴ ውስጥ ነው፣ ሆጤ፣ ከስታዲየሙ ብዙም ሳይርቅ። ከቤቱ ልጆች አንዷ ትምህርቷን ጨርሳ ኮምቦልቻ ካለ ፋብሪካ ሥራ ይዛለች። ዛሬ የመጀመሪያ ደመወዟ ገብቷል። ብዙ አይደለም፤ የትራንስፖርትና የምሳ ወጪዋ ሲቀነስ ጥቂት ይተርፋታል። ማታ ቡና ተፈልቶ ወሬው እሷው ብር ላይ አረፈ።

እናቷ «እቁብ ግቢ» አሏት። አጎቷ «ብር ቢቀመጥ ይሟሟል፣ ቦታና ጡብ ነው የሚያዋጣው» አሉ። ወንድሟ ስልኩን እያሳየ «እዚህ ላይ ቆጥቢ፣ አክሲዮንም አለ» አለ። አያቷ ደግሞ ሁሉንም ሰምተው ከአልጋው ሥር ያለውን አሮጌ ሣጥን በእጃቸው እያሳዩ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ሣጥን ያላየው ብር የለም» አሉ።

ቤተሰቡን እኛ ፈጠርነው። ሣጥኑ «አየው» የምንለው ነገር ግን ሁሉም በደሴም ሆነ በአገሪቱ በእርግጥ የተፈጸመ ነው። ጥያቄውም የልጅቷ ብቻ አይደለም። መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው፣ ቅርስ ያልወረሰ፣ ሎተሪም ያልደረሰው፣ ከደመወዙ እየቆነጠረ ሀብት ማፍራት ይችላል ወይ? ከቻለስ ያጠራቀመውን የት ያስቀምጠው? የአያትየውን ሣጥን ከፍተን ከታች ጀምረን እናውጣ። (ዓመተ ምሕረቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የአውሮፓውያኑ ሲሆን እ.ኤ.አ. እንላለን።)

ከሣጥኑ ሥር፦ ጨውና ጠገራ

ሣጥን ከመኖሩም በፊት በዚህ አገር ገንዘብ ሆኖ ያገለገለው ጨው ነው። ከአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች እንደ ጡብ እየተጠረበ የሚወጣው አሞሌ በግመልና በአህያ ተጭኖ ደጋውን ይወጣ ነበር። በእ.ኤ.አ. 1520ዎቹ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ ጽፏል። የታዘበው ደስ የሚል ነገር አለ፦ አሞሌው ከሚወጣበት ቦታ በራቀ ቁጥር የሚገዛው ነገር ይጨምራል። ያው አንድ አሞሌ ቆላ ላይ ርካሽ ነው፣ ደጋ ላይ ውድ።

ይህን ልብ በሉት፣ መልሰን እንመጣበታለን። ገንዘብ በራሱ ቋሚ ዋጋ የለውም። ዋጋው የት እንዳላችሁ፣ መቼ እንደምትፈልጉትና በዚያ ሰዓት በምን እንደሚለወጥ ይወሰናል። አሞሌ ሌላም ጣጣ ነበረበት፦ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል። አጎትየው «ብር ይሟሟል» ሲሉ ሳያውቁት የአሞሌን ዘመን ቋንቋ እየተናገሩ ነው።

ቀጥሎ ማርትሬዛ መጣ፤ ሰዉ ጠገራ ብር የሚለው። የኦስትሪያ ንግሥት የነበረችው የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ሲሆን፣ መቼም ይቀረጽ መች የተጻፈበት ዓመት ያው 1780 እ.ኤ.አ. ነው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው። ዛሬ የገንዘባችን ስም «ብር» የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብሩ መጀመሪያ ማዕድኑ ራሱ ነበር።

የጠገራ ጥቅሙ ግልጽ ነው። አይበሰብስም፣ ዋጋው ውስጡ ባለው ማዕድን ነው፣ የክፉ ቀን ከመጣ ብር አንጥረኛ ዘንድ ሄዶ ይቀልጣል። የወሎ ሴቶች ጌጥ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ቁጠባ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ጉዳቱ ደግሞ ክብደቱ ነው። አንድ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ይዞ ከደሴ ባቲ ገበያ መውረድ በቅሎም ጠባቂም ይጠይቃል። ከዚህም በላይ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ መቶ ጠገራ ከዓመት በኋላም መቶ ነው። አይጠፋም፣ አይወልድምም።

ባንኩ መጣ፣ ባንኩ ሄደ

የአገሪቱ የመጀመሪያ ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በየካቲት 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአፄ ምኒልክ ዘመን ተመረቀ። ፈቃዱን ያገኘው የግብጽ ብሔራዊ ባንክ ነበር። ሐረር፣ ድሬዳዋና ጎሬ ቅርንጫፍ ከከፈተ በኋላ በእ.ኤ.አ. 1920 ደሴ ደረሰ። የንጉሥ ሚካኤል መቀመጫ የነበረችው ከተማ ከአገሪቱ ቀደምት የባንክ ከተሞች አንዷ ናት ማለት ነው። ይሁንና ተራው ሰው ወደ ባንኩ አልሮጠም። ብርን ያህል ነገር ሰጥቶ ወረቀት መቀበል ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነበር።

በነሐሴ 1923 ዓ.ም. የአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የአቢሲኒያ ባንክን ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ አደረገው። አሁን ባንኩ የአገር ነው፤ የራሱንም የወረቀት ብር አሳተመ። ሰዉ ቀስ በቀስ መልመድ ሲጀምር ምን መጣ? ጦርነት። በኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ በሚያዝያ የጣሊያን ጦር ከተማዋን ያዘ። የኢትዮጵያ ባንክ ፈረሰ። በቦታው የጣሊያን ባንኮች ገቡ፣ ሊሬም ሕጋዊ ገንዘብ ነው ተባለ።

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር ተፈጠረ። ገበሬውና ነጋዴው ሊሬን አላምነውም አለ፤ «ጠገራህን አምጣ» ማለቱን ቀጠለ። ይህን ያህል ጦርና ታንክ የነበራት ጣሊያን ሰዉን የወረቀት ገንዘብ ማሳመን አቅቷት ሮም ላይ የማርትሬዛ ብር እስከ መቅረጽ ደረሰች! የ1780ዋ ንግሥት በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ እንደገና ተቀረጸች።

በሚያዝያ 1933 ደሴ ነጻ ወጣች። ሊሬ ያጠራቀመ ሰው ዋጋው እጁ ላይ ተንኮታኮተበት። ጠገራውን የቀበረ ግን ቆፍሮ አወጣው። በዚያ ጊዜ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግን የመሰሉ የውጭ ገንዘቦችም ገበያው ውስጥ ነበሩ። በመጨረሻ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት አዲሱን ገንዘብ አወጣ። በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል እንጂ ሰዉ በአማርኛ ያው «ብር» ነበር የሚለው።

ከዚህ ንብርብር የሚወጣው ትምህርት ምንድን ነው? የወረቀት ገንዘብ የሚቆመው በእምነት ነው። ያወጣው መንግሥት ሲቆም ይቆማል፣ ሲወድቅ ይወድቃል። ይህ ማለት ግን «ባንክ አትመኑ» ማለት አይደለም። በዚያው ዘመን ቤቱ የተዘረፈ ሰው ጠገራውንም አጥቷል። ትምህርቱ «ያለህን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ አታኑር» የሚል ነው።

የእናትየው ምክር፦ የእቁብ ሒሳብ

አሁን ከሣጥኑ አንድ አሮጌ ደብተር እናውጣ። የሰዎች ስም በመስመር በመስመር፣ ከየስሙ አጠገብ «ከፍሏል»፣ «ወጣለት» የሚል ምልክት አለ። የእቁብ ደብተር ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ ስለ እቁብና መሰሎቹ በእ.ኤ.አ. 1958 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ላይ ሲጽፉ፣ እቁብ በከተማ ሕይወት ውስጥ ሥር የሰደደ ነገር ነበር።

ብዙ ሰው እቁብን «ባንክ ያልደረሰው ሰው ዘዴ» አድርጎ ያየዋል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እስቲ እናስላው። ሃያ ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ያዋጣሉ። በየሳምንቱ 10,000 ብር ይሰበሰብና ዕጣ የወጣለት ይወስዳል። አሁን ልጅቷ የምትፈልገው የልብስ ስፌት ማሽን 10,000 ብር ነው እንበል። ብቻዋን ብትቆጥብ 20 ሳምንት ትጠብቃለች። እቁብ ብትገባስ? ዕጣው በመጀመሪያው ሳምንት ሊደርሳት ይችላል፣ በሃያኛውም ሊደርሳት ይችላል፤ በአማካይ ግን 10 ሳምንት ተኩል ትጠብቃለች። ከሃያዎቹ አባላት አሥራ ዘጠኙ ብቻቸውን ከሚቆጥቡበት ጊዜ ቀድመው ያገኛሉ። የመጨረሻዋስ? እሷም ብትሆን ከሃያኛው ሳምንት አልዘገየችም። ማንም አልተጎዳም፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ተጠቀመ። ከየት የመጣ ትርፍ ነው? ያለ ሥራ ተኝቶ ከሚቆይ ገንዘብ ነው። ብቻዋን ስትቆጥብ ብሩ 20 ሳምንት ሙሉ ሣጥን ውስጥ ይተኛል፤ እቁብ ውስጥ ግን አንድ ሳምንትም አይተኛም።

ቲሞቲ ቤስሊ፣ ስቲቨን ኮትና ግሌን ላውሪ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ይህን በእ.ኤ.አ. 1993 በሒሳብ አሳይተዋል። ከዚያ በፊት በእ.ኤ.አ. 1962 አንትሮፖሎጂስቱ ክሊፎርድ ጊርትዝ በእስያና በአፍሪካ ያሉ ተመሳሳይ ማኅበራትን አነጻጽሮ ነበር። የኬንያው ቻማ፣ የጋናው ሱሱ፣ የሶማሌው አዩቶ፣ የሜክሲኮው ታንዳ የእቁብ ዘመዶች ናቸው። ሰው በየአገሩ ሳይነጋገር እዚሁ መልስ ላይ ደረሰ።

እቁብ ሌላም ሥራ ይሠራል፤ ሰውን ከራሱ ይጠብቃል። ኪስ ውስጥ ያለ 500 ብር ጓደኛ ሲመጣ ይወጣል፣ ዘመድ ሲጠይቅ ይሰጣል። «የእቁቤ ነው» ካላችሁ ግን ማንም አይከራከራችሁም። ዳኛው አለ፣ ጸሐፊው አለ፣ ዋሱ አለ፣ ይሉኝታውም አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ድክመቱስ? ሁለት ነው። አንደኛ፣ መጀመሪያ የወሰደ ሰው ተበዳሪ ነው፣ መጨረሻ የሚወስድ አበዳሪ፤ ወለድ ግን የለም። ኑሮ በሚንርበት ዘመን የሃያኛው ሳምንት 10,000 ብር የመጀመሪያውን ያህል አይገዛም። ሁለተኛ፣ እቁብ ዕቃ ያስገዛል እንጂ ክፉ ቀን ሲመጣ «ዛሬ ስጡኝ» ብትሉ ሁልጊዜ አይሰጥም። ለዚያ ሌላ ነገር አለ።

ቅሬ፦ የወሎ መድን

ለክፉ ቀን ወሎ ውስጥ ያለው ቅሬ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለው ዓይነት ነገር ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየሰፈሩ አንድ ላይ የሚታቀፍበት ቅሬ ሞት ሲመጣ ይቀብራል፣ ያስተዛዝናል፣ አንዳንዴም ጠብ ያበርዳል።

ሀብትን ስናስብ ቅሬ አይታወሰንም፤ ግን ሊታወሰን ይገባል። ለተራ ሠራተኛ ሀብት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በአንድ ከባድ ቀን ነው፦ ሞት፣ ሕመም፣ እሳት። ለአሥር ዓመት የተቆጠበ ነገር በአንድ ሳምንት ሊያልቅ ይችላል። ከመቶ ቤት የሚዋጣ ትንሽ ትንሽ ገንዘብ አንድ ቤት ላይ የሚወድቀውን ትልቅ ሸክም ይሸከማል። የኢንሹራንስ ሒሳብ ይኸው ነው። ልዩነቱ ቅሬ ከገንዘቡ ጋር ሰዉንም ይዞ መምጣቱ ነው። የሚያዋጡት ብር ተመልሶ ላይመጣ ይችላል፤ ይህ ኪሳራ አይደለም፣ ያልደረሰባችሁ መከራ ነው።

አንድ ነገር ግን ቅሬ አይችልም። መቶው ቤት በአንድ ቀን ከተመታ ማን ለማን ያዋጣል? ወሎ ይህን ጥያቄ በመራር መንገድ ተጠይቃለች።

ደሴ ገበያ ላይ እህል ነበር

የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን አደቀቀ። በዚህ ረሃብ ላይ በኋላ የኢኮኖሚ ኖቤል ያገኘው ሕንዳዊው አማርትያ ሴን በእ.ኤ.አ. 1981 ባወጣው መጽሐፍ ሙሉ ምዕራፍ ጽፏል። ሴን የመረመረው የደሴን ገበያ የእህል ዋጋ ነው። «ረሃብ ካለ እህል ጠፍቷል፣ ዋጋውም ሰማይ ነክቷል» ብለን እናስባለን አይደል? ሴን ያገኘው ሌላ ነው። የደሴ የእህል ዋጋ ከተለመደው ብዙም አልራቀም ነበር። እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ እንደነበር ተዘግቧል።

ታዲያ ሰው ለምን ተራበ? የሚገዛበት ስላጣ ነው። ገበሬው ምርቱ ሲጠፋ ምግቡም ገቢውም አብሮ ጠፋ። በሬውን፣ በጉን ሊሸጥ ገበያ ሲወጣ ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱም ጎረቤት ለመሸጥ ወጥቷል። ሁሉም ሻጭ በሆነበት ቀን የከብት ዋጋ ይወድቃል። አርብቶ አደሩ ከብት ሸጦ የሚያገኘው እህል አነሰ። ሸማኔውን ልብስ የሚገዛው ጠፋ፤ የቀን ሠራተኛውን የሚቀጥረው ጠፋ። እህሉ ገበያ ላይ ነበር፤ ሰዎቹ ግን ወደ እህሉ የሚደርሱበት መንገድ ተቆረጠ።

አሁን ወደ አሞሌው እንመለስ። የአንድ ነገር ዋጋ በምን እንደሚለወጥና መቼ እንደሚለወጥ ነው የሚወሰነው ብለን ነበር። ከብት በደህና ዘመን ጥሩ ቁጠባ ነው፤ ይወልዳል፣ ይታለባል፣ ያርሳል። ግን ድርቁ ገቢያችሁን ሲመታ ከብታችሁንም በዚያው ቀን ይመታል። ገቢና ቁጠባ በአንድ ዱላ የሚመቱ ከሆነ ቁጠባው ለክፉ ቀን አልሆነም ማለት ነው። ዛሬም ያው ነው። ልጅቷ የምትሠራበት ፋብሪካ አክሲዮን ቢሸጥና ያላትን ሁሉ እሱ ላይ ብታውለው፣ ፋብሪካው የተዘጋ ዕለት ደመወዟም ቁጠባዋም አብረው ይሄዳሉ። ከደሴ ገበያ የወጣ ይህ ትምህርት ዛሬ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። የተከፈለበት ዋጋ ግን የሰው ነፍስ ስለሆነ እንደ ዋዛ ልናልፈው አይገባም።

የአጎትየው ምክር፦ ቤት

ከሣጥኑ መሐል የቤት ካርታ ወጣ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ትንሽ ያለው የከተማ ሰው ሕልሙ ቤት ሠርቶ አንዱን መኖሪያ፣ ሌላውን ኪራይ ማድረግ ነበር። ለብዙ ደመወዝተኛ ጡረታው ኪራይ ቤት ነበረ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ግን የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ቀረለት።

እዚህ ላይ ሁለት ሰው አስቡ። አንዱ ሠላሳ ዓመት ቆጥቦ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት የሠራ አስተማሪ ነው፤ ቁጠባው በአንድ ጀምበር ሄደ። ሌላዋ በዚያው ቤት ተከራይታ የምትኖር ጠላ ሻጭ ናት፤ ኪራይዋ ተቀነሰላት፣ «ተነሺ» የሚላትም ቀረ። ያው አዋጅ አንዱን አደኸየ፣ ሌላዋን አሳረፈ። ታሪክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ማን ጋ ቆማችሁ እንደምታዩት ይለያያል። ለቁጠባ ጥያቄያችን ግን አንድ ነገር ይነግረናል፦ ቤት ከዋጋ ንረት ይከላከላል፣ ከሕግ ለውጥ ግን አይከላከልም። ዛሬም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ቦታ የምትገዙ ሲመስላችሁ የምትገዙት ቤቱንና የመጠቀም መብቱን ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ማንበብ ከጡቡ ጥራት አያንስም።

በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ደርግ አዲስ የብር ኖት አወጣ። በሣጥኑ ውስጥ የነበረው የንጉሡ ምስል ያለበት ወረቀት መለወጥ ነበረበት። የገንዘቡ ስምም ያኔ በእንግሊዝኛ ሳይቀር ብር ሆነ።

ዝም ብሎ የሚበላ እሳት፦ የዋጋ ንረት

የሚቀጥለው ዕቃ የእናትየው የባንክ ቁጠባ ደብተር ነው። ጦርነት የለም፣ አዋጅ የለም፣ ሌባ የለም። ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር በየዓመቱ ይጨምራል። ግን እናትየው በዚያ ብር የሚገዙት ነገር በየዓመቱ ያንሳል። እንዴት?

ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሒሳቡን እንሥራ። 10,000 ብር በ7 በመቶ ከዓመት በኋላ 10,700 ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ዋጋ በ30 በመቶ ከጨመረ ግን ዓምና 10,000 ብር የነበረው ዕቃ ዘንድሮ 13,000 ነው። በእጃችሁ ያለው 10,700 ብር የሚገዛው ዓምና በ8,230 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። ደብተሩ 700 ብር አተረፍሽ ይላል፤ ገበያው 1,770 ብር ከሰርሽ ይላል። እውነቱን የሚናገረው ገበያው ነው።

አንድ ቀላል ዘዴ እናስተምራችሁ። 72ን ለዓመታዊው በመቶኛ አካፍሉ። የሚወጣው ቁጥር ነገሩ እጥፍ የሚሆንበትን ዓመት በግምት ይነግራችኋል። በ7 በመቶ ወለድ ገንዘባችሁ እጥፍ የሚሆነው በ10 ዓመት ገደማ ነው። በ15 በመቶ ንረት ዋጋ እጥፍ የሚሆነው በ5 ዓመት ገደማ ነው። ሩጫው ማን እንደሚያሸንፍ ቁጥሩ ይናገራል።

ታዲያ ባንክ ምን ያደርጋል? ለአጭር ጊዜ ገንዘብ አሁንም ከሁሉ ይሻላል፦ ከእሳት፣ ከሌባ፣ ከራሳችን እጅም ይጠብቃል። ወለድ መቀበል ከሃይማኖቱ ለማይስማማ ሰውም አሁን ምርጫ አለ። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆኖ የተቋቋመ የመጀመሪያው ባንክ ሲሆን፣ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነጻ መስኮት አላቸው። እንደ ደሴ ላለች ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ዋስትና የሌላቸውን ሰዎች በቡድን እያዋሰ ሲያበድር የቆየው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም አሁን ፀደይ ባንክ ሆኗል። የቡድን ዋስትና ሲባል አስተውላችሁ ከሆነ የእቁብ ዋስ ነው፤ ቢሮ ገባ እንጂ ያው ነው።

የወንድምየው ምክር፦ ስልኩና አክሲዮኑ

ሣጥኑ አናት ላይ የቀረው ትኩስ ነው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ የብር ኖቶች መውጣታቸው ተነገረ፤ አሮጌው ኖት በሦስት ወር ውስጥ እንዲለወጥ ተባለ። ቤት ውስጥ ጥሬ ብር ያከማቸ ሁሉ ሣጥኑን ከፈተ። በዚያው ዓመት ግንቦት ቴሌብር ሥራ ጀመረ። አሁን ስልክ ላይ የሚቆጠብበት አገልግሎቱ ስሙ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሳንዱቅ። ሣጥን ማለት እኮ ነው! ዞሮ ዞሮ ወደ አያትየው ሣጥን ተመለስን።

ከጥቅምት 2014 ማብቂያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ነበር። ባንክ ተዘጋ፣ ስልክና መብራት ተቋረጠ፣ ሱቅና ፋብሪካ ተዘረፈ። በዚያ ሳምንት ስልክ ውስጥ ያለ ብር ዳቦ አልገዛም። ቤት ውስጥ ያለች ትንሽ ጥሬ ብር፣ ጆንያ ጤፍ፣ በር የሚከፍትላችሁ ጎረቤት ነበሩ የሚያዋጡት። ከተማው ሲረጋጋ ደግሞ ተገላበጠ፦ ሱቁ የተዘረፈበት ሰው ባንክ ያስቀመጠው ብር ይዞት ተነሣ። ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በቀጣዩ ጥቅምት ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ አቀረበ፦ አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። በጥር 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ። በዚህ አገር ታሪክ ተራ ደመወዝተኛ በስልኩ የአንድ ትልቅ ድርጅት ባለድርሻ መሆን ሲችል ይህ አዲስ ነገር ነው። አክሲዮን ግን ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ሲፈለግም ቶሎ ላይሸጥ ይችላል። «በወር እጥፍ አደርግልሃለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ የ72ን ሒሳብ ሥሩበት። በወር እጥፍ የሚሆን 1,000 ብር በዓመቱ ከ4 ሚሊዮን ብር ያልፋል። እንዲህ የሚያተርፍ ንግድ ያለው ሰው የእናንተን ሺህ ብር ለምን ይፈልጋል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን።

እና ልጅቷ ምን ታድርግ?

ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሷል። እንግዲህ ማን ልክ ነበር? ሁሉም፤ እያንዳንዳቸው ግን ለአንድ ዓይነት ቀን ብቻ። የአያትየው ብር ለወረቀት መውደቂያ ቀን ነው፤ የእናትየው እቁብ ዕቃ ለመግዣና ራስን ለመግዣ ነው፤ የአጎትየው ጡብ ለዋጋ ንረት ነው፤ የወንድምየው ስልክና አክሲዮን ለቅልጥፍናና ለረጅም ጊዜ ነው። ስሕተት የሚሆነው አንዱን መርጦ ሌላውን ሁሉ መተው ነው።

ታሪኩን ወደ ደመወዟ ብናወርደው እንዲህ ይመስላል። በመጀመሪያ፣ ቅሬዋን አታቋርጥ፤ ከቤተሰቡ ስም ሥርም ቢሆን። ሁለተኛ፣ ደሞዝ በገባ ዕለት፣ ከመውጣቱ በፊት፣ የምትቆጥበውን ታንሳ፤ ከወር የሚተርፍ ብር እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ሦስተኛ፣ የሁለትና የሦስት ወር ወጪዋን የሚሸፍን ገንዘብ ባንክ ታስቀምጥ፣ ጥቂቱንም በእጇ፤ ይህ የሚያተርፍ ሳይሆን የሚያሳድር ገንዘብ ነው። አራተኛ፣ ከሚያውቋት ሰዎች ጋር፣ ዋስ ያለው እቁብ ትግባ፤ ሲወጣላትም ገቢ በሚያመጣ ነገር ላይ ታውለው። አምስተኛ፣ ከዚህ የተረፈውን ብቻ ለአምስትና ለአሥር ዓመት በማትፈልገው መልክ ታስቀምጥ፣ ከደመወዟ ጋር በአንድ ዱላ በማይመታ ነገር ላይ።

ስድስተኛው ሣጥኑ ውስጥ አይገኝም። ይህ ቤተሰብ አሞሌ ቢሟሟ፣ ባንክ ቢፈርስ፣ ሊሬ ቢወድቅ፣ ቤት ቢወረስ፣ ኖት ቢለወጥ፣ ሱቅ ቢዘረፍ እንደገና የተነሣው በሁለት ነገር ነው፦ በእጁ ሙያና በሚያምነው ሰው። ሙያ አይወረስም፣ አይሰረቅም፣ ዋጋ ሲንርም የሙያው ዋጋ አብሮ ለመጨመር ይሞክራል። ስለዚህ ከመጀመሪያ ደመወዟ ቆንጥራ ለአጭር ሥልጠና ብታውለው ብክነት አይደለም፣ ቁጠባ ነው።

አያትየው ሣጥኑን ዘጉት። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ የእቁቡን የመጀመሪያ መዋጮ ለእናቷ በቴሌብር ላከች። እናቷ መልእክቱን ካዩ በኋላ፣ ለማንኛውም ብለው፣ ደብተሩ ላይም ጻፉት።